የይርጋነሽ የጥፍር ቀለም

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ የኔሰው፣
ብቸና

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ባለቤትዎን እትዬ ይርጋነሽንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ባላያቸውም ስማቸውን ከፋንታ አፍ ስለማላጣው የማውቃቸው ይመስለኛል።

በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። አጭር ነበረች፤ ቁጣዋ ግን አጭር አልነበረችም። «አንቺ ማነሽ? መኪናዋን እንድትነኪ ማን ፈቀደልሽ?» ብለውኛልና በቅደም ተከተል ልመልስ። ስሜ ባንቺዓለም ይባላል። አባቴ የደብረ ወርቁ ቄስ ገብረ ሕይወት ናቸው። ደብረ ማርቆስ አውቶ መካኒክ ተምሬ፣ ባሕር ዳር አራት ዓመት ሰው ጋራዥ ውስጥ ሠርቼ፣ ከዓምና ጀምሮ እዚህ ሞጣ ከገበያው ማዶ የራሴን ከፍቻለሁ። የፈቀደልኝ ደግሞ ባለመኪናው ራሱ፣ ፋንታ ነው። ፋንታ ዳቦ ቤቱን ነቅሎ በመስከረም ወደዚህ ሲመጣ ቢጫዋን መኪናም ይዟት መጣ። ላንድ ካንዴላ ብሎ ብቸና ድረስ ሊመላለስ አይችልም እኮ፣ አያ የኔሰው።

እርስዎ እንደሠሯት አውቃለሁ። አንዲት አሮጌ ፊያት በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ከእሷ ያነሰ ዕድሜ ያላቸውን መኪኖች ሁለት ዓመት በተከታታይ ስትቀድም ቆሜ አይቻለሁ፤ ያኔ ሠሪዋን ባገኘሁት ብዬ ተመኝቼ ነበር። ዘንድሮም ውድድሩ ጥር 25 እሑድ ነው። ሜዳው ላይ ስንሞክራት ሦስተኛው ዙር ላይ ትሞቃለች። ፍሬኑ መጀመሪያ ደህና ይይዝና ኋላ ይለሰልሳል። መሪውም ላይ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ነገር ካለ ቢነግሩኝ። ደግሞ በየብሎኑ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ምንድን ነው? ፋንታን ብጠይቀው ሳቀና «እሳቸውን ጠይቂ» አለኝ።

አክባሪዎ፣
ባንቺዓለም ገብረ ሕይወት


ብቸና፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ባንቺዓለም

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለደንቡ ያህል ነው።

ቆሜ አይቻለሁ ትያለሽ። የቆመ ሁሉ ያያል! ያቺ መኪና ምን እንደነበረች ታውቂያለሽ? የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አምበር አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ነው ያገኘናት። መስታወት የላት፣ ወንበር የላት። ፋንታ «አያ፣ ትነሣለች?» አለኝ። ትነሣለች አልኩት። ሁለት ክረምት ፈጀችብኝ። ካምቢዮዋን ከአንዱ፣ ራዲያተሯን ከሌላው፣ ከጎንደርም ከአዲስ አበባም እየለመንኩ ነው ሰው ያደረግኳት።

ስለ ሙቀቱ የጠየቅሽው ጥፋቱ የራዲያተሩ አይደለም፣ የፋንታ ነው። ማርሽ መቀየር ባለበት ቦታ ሳይቀይር ያስጮኻታል። ንገሪው። ከሜዳ ሲወጣም ወዲያው እንዳያጠፋት፤ እንደ ተነሣች ቆማ ትንሽ ትተንፍስ። ትኩስ ሞተር ላይ ውኃ የሚደፋ ሰው ካየሽ እጁን ያዢው። ፍሬኑን ያለሰለሰው ያረጀ የፍሬን ዘይት ነው። ከውድድር በፊት ሁልጊዜ አሮጌውን አፍስሺና ከታሸገ ቆርቆሮ አዲስ ሙዪ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን አይደለም፤ የታሸገውን። የፍሬኑን ሸራም አይተሽ ከሳሳ ቀይሪ። ይቺ የባለጸጋ መኪና አይደለችም። ለገበያ መሄጃ የተሠራች ምስኪን ናት፣ እኛ ነን በግድ የምናስሮጣት። ስለዚህ ሁልጊዜ ዓይን ትፈልጋለች።

ቀዩ የይርጋነሽ የጥፍር ቀለም ነው። ብሎን አጥብቄ ስጨርስ ከብሎኑ ወደ ብረቱ አሻግሬ አንዲት መስመር አሰምርበታለሁ። ሌላ ሰው ከፈታው መስመሩ ይሰበራል፤ መልሶ ቢያጠብቀውም አይገጥምለትም። ፊርማዬ ነው በይው። ይርጋነሽ «እኔ ለሠርጌ ያልተቀባሁትን እሷን ቀባሃት» እያለች ሃያ ጊዜ አሹፋብኛለች።

ስለ መሪው የጠየቅሽውን አልጽፍልሽም። እሱን እኔና ፋንታ እናውቃለን። ለገና ይመጣል፤ ያኔ በዓይኔ አያታለሁ።

የኔሰው


ሞጣ፣ ጥር 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ የኔሰው

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ዘግይቼም ቢሆን ማለት አለብኝ።

ለላኩልኝ ምክር አመሰግናለሁ። የፍሬኑን ዘይት እንዳሉኝ ከታሸገ ቆርቆሮ ሞላሁት፤ ሸራውም ሳስቶ ስለነበር ቀየርኩት። ማርሹንም ለፋንታ ነገርኩት፤ «አያ የኔሰው ናቸው ያሉሽ» ብሎ አወቀብኝ።

አሁን የምጽፈው ግን ስለ እሱ ነው። ከእናንተ ቤት ከተመለሰ ወዲህ ፊቱ አልፈታ ብሏል። ዶሮው ቀርቦ እየበላ ሳለ እርስዎ ተነሥተው ከመኪናዋ ሥር ገቡ አለኝ። ከዚያ ሲወጡ አንድ ቃል አልተናገሩትም። እጅዎን ታጥበው ጓዳ ገቡ፤ እትዬ ይርጋነሽ ናቸው የሸኙት። መንገዱን ሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ እንደመጣ ነገረኝ። ልጁ ሳባ እንኳ ገብቷታል። ሰባት ዓመቷ ነው፤ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በቢጫዋ ነውና ትናንት ጋራዥ መጥታ «መኪናችን ታማለች እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን አይተው ነው? የበደልኩዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ጥፋቴን ማወቅ አለብኝ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀረው። ፋንታ ሌላውን ዓመት እንደሚቆሙት ዘንድሮም ከመታጠፊያው በርሜል አጠገብ ይቆማሉ ብሎ ነው የሚጠብቀው።

ባንቺዓለም


ብቸና፣ ጥር 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ባንቺዓለም

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ያየሁትን አይቻለሁ። የሠራው ሰው ያውቀዋል፤ እኔ አልነግረውም።

እዚህ መናኸሪያው ዙሪያ ያሉት መካኒኮች ምን እንደሚሉኝ ልንገርሽ? «ቢጫዋ ሞጣ ተድራ ሄደች አሉ፣ ባሏስ እንዴት ይዟታል?» ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ከዚያ ቤቴ እገባና ምሳ አልበላም። ይርጋነሽ «ቀንተሃል» ትለኛለች። አልቀናሁም ብዬ ጮኽኩባት። ላንቺ ግን ስለማላይሽ እውነቱን ልጻፍልሽ፤ አዎ ቀንቻለሁ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የልጅ ልጅ አለኝ፣ በመኪና ቀንቻለሁ። በሰውም ቀንቻለሁ። ፋንታ ሞተሩን ሲያስነሣ መጀመሪያ ወደ እኔ ነበር የሚያየው፤ ድምጿ ልክ ከሆነ ራሴን እነቀንቅለታለሁ፣ ካልሆነ እጄን አነሣለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ነው የኖርነው። አሁን አስነሥቶ ወደ ማን ያያል? ወዳንቺ ነዋ!

አራት ዓመት ባሕር ዳር ሠራሁ ብለሻል። ጥሩ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወረቀት ግን የለኝም። የአንቺ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል ብሎ ፋንታ ነግሮኛል። በመስታወት አድርገሽዋል አሉ። በርቺ።

ለውድድሩ አልመጣም። ከበርሜሉ አጠገብ ያለችውን ቦታ ቁሚባት፤ ጥላ የላትም፣ ኮፍያ ያዢ።

የኔሰው


ሞጣ፣ ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ የኔሰው

ጤናዎን እመኛለሁ፤ በእውነት እመኛለሁ፣ ምንም እንኳ ተናድጄብዎ ቢሆን። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ስለ ኮፍያው ሳቅሁ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩ።

እርስዎ ብቻ ነዎት የሚቀኑት? ባለፈው ሳምንት ካርቡራተሯን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ግማሽ ቀን ለፍቼ ገጠምኩት። ስትነሣ ድምጿ ያምር ነበር። ፋንታ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና ምን አለኝ መሰልዎ? «ልክ አያ የኔሰው እንደሚያደርጓት ሆነች!» አለኝ። ለማመስገን ነው እኮ። እኔ ግን ቁልፉን ወርውሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝ። የማደርገው ሁሉ የእርስዎ ነው። ጥሩ ከሆነ እርስዎን ይመስላል፣ መጥፎ ከሆነ የእኔ ነው። ያንን ቀይ ቀለም ባየሁት ቁጥር ልፍቀው ያምረኛል።

የከፈትኩትን ልንገርዎ፦ ካርቡራተሩን፣ ካንዴላዎቹን፣ የዘይት ማጣሪያውን፣ እርስዎ ያዘዙኝን ፍሬን። በቃ። ከዚያ ውጭ ቀይ ያለበትን አንዱንም አልነካሁም። በእልህ ነው ያልነካሁት፤ የእሳቸውን እሳቸው ይወቁት ብዬ ቀይ ባየሁበት ሁሉ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ከፈለጉ አባቴ በያዙት መስቀል እምልልዎታለሁ። አሁን እርስዎም ያዩትን ይንገሩኝ። እንዲህ ሆድዎ ውስጥ ይዘውት ለእርስዎም ለእኔም ለፋንታም አይበጅም።

ባንቺዓለም


ብቸና፣ ጥር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ባንቺዓለም

ሰላምታ ይቅደም። መስቀል ድረስ ካደረስሽው እነግርሻለሁ፤ ቄስ አባትሽን በዚህ ነገር አታስገቢያቸው።

የግራው የፊት ጎማ። የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያዝበት ብሎን። እሱን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ማሰሪያ ፒኑን ስላጣሁ በሽቦ ቆልፌ፣ ቀዩን አስምሬበት ነበር። ለገና ከሥሯ ስገባ ሽቦው የለም። መስመሩም ተሰብሮ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኗል። ቢያንስ ሩብ ዙር ዞሯል። አየሁትና ሰውነቴ ነደደ። ሽቦዬን ቆርጠሽ፣ ፊርማዬን ሰብረሽ፣ አስተካክለሽ እንኳ ሳትመልሺው ትተሽዋል። ፋንታም አብሮሽ ቆሞ አይቷል ብዬ ነው አንድ ቃል ያልተናገርኩት። ቤቴ ገብቶ ዶሮዬን እየበላ!

ካርቡራተርና ፍሬን ብቻ ነው የነካሁት ትያለሽ። ታዲያ ያንን ማን ፈታው? ብሎኑ ራሱ ተነሥቶ ተፈታ?

የኔሰው


ሞጣ፣ ጥር 26 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ የኔሰው

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህንን ከሰላምታም በፊት ማለት ነበረብኝ።

አዎ፣ ራሱ ነው የተፈታው።

ደብዳቤዎ ዓርብ ከሰዓት ደረሰኝ። የመጨረሻዋን መስመር አንብቤ ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት። ፋንታ ሳባን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ መኪናዋን ሊያስነሣ ሲል ደረስኩበት። ውረድ አልኩት። ከሥሯ ገብቼ ብሎኑን ያዝኩት፤ ቁልፍ አላስፈለገኝም፣ በሁለት ጣቴ ዞረ። ጨርሶ ሊወጣ ሁለት ጥርስ ያህል ነበር የቀረው። ሽቦውን ማንም አልቆረጠውም፤ ዝጎ ነው የተበጠሰው፣ ጫፉ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። በዚህ የጠጠር መንገድ እየተንቀጠቀጠች ቀስ በቀስ ፈታችው። እሑድ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ በርሜሉ ጋ ስትታጠፍ ምን ይሆን እንደነበር ልጽፈው አልፈልግም።

ዘንጉን በደንብ ገጥሜ፣ ደህና ፒን አስገብቼ ቆለፍኩት። የእኔም ጥፋት አለበት። እርስዎን በእልህ ስሸሽ፣ መኪና ለውድድር ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚታየውን ነገር ሳላይ ቀረሁ። ቀይ አለበት ብዬ አለፍኩት።

ፋንታ ትናንት ሁለተኛ ወጣ። አልሞቀችበትም፣ ፍሬኑም እስከ መጨረሻው ያዘ። ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ከበርሜሉ አጠገብ ያለችውን ባዶ ቦታ ነው። አሳዘነኝ። ስለዚህ «አያ የኔሰው ናቸው ያዳኑህ። ብሎኑን አስጠንቅቀው የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አደራ፣ ያልኩትን እንዳያፈርሱብኝ።

አክባሪዎ፣
ባንቺዓለም


ብቸና፣ ጥር 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ባንቺዓለም

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አልሰነበትኩም።

ያልሽኝን አፈርሰዋለሁ፤ ይቅር በይኝ። ይህንን ደብዳቤ ለፋንታ አንቢለት። እኔ ፊቱ ቆሜ ልናገረው አልችልም።

አላስጠነቀቅኩም። የጻፍኩልሽ ልከስሽ ነው። ለገና ያየሁትን ለገና ብናገር ኖሮ ፋንታ ዶሮውን በልቶ ሳይጨርስ አጥብቀነው ይሄድ ነበር። ከሦስት ሳምንት በላይ ዝም አልኩ። ቀለሙን ያስተማረኝ ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ የድሮ የመንገድ ሥራ መኪና ጠጋኝ ነበር። ለምን እንደሆነም ነግሮኝ ነበር፦ ብሎን ሲላላ በዓይንህ እንድታየው ነው አለኝ። እኔ ያንን ረሳሁት። ሰው የሚሰርቀኝ እየመሰለኝ ለቅናቴ አዋልኩት። ምልክቱ ሥራውን ሠርቶ «ላልቻለሁ» ሲለኝ፣ እኔ ያየሁት የአንቺን እጅ ነው።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። የጻፍኩልሽን ሐሙስ ዕለት ለይርጋነሽ ነገርኳት። ሽሮውን እያማሰለች ነበር፤ ዞር ሳትል «ልጅቷ እውነቷን ከሆነስ?» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ቴሌ ሄጄ ስልክ መደወል እችል ነበር፣ አልደወልኩም። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። የሞጣው አውቶቡስ ቆሟል። ሾፌሩ ያውቀኛል፣ «አያ፣ ግባ እንጂ» አለኝ። አልገባሁም። ከሄድኩና ፈትተሽው ከሆነ መሳቂያ እሆናለሁ አልኩ። ካልፈታሽው ደግሞ ዝም ብሎ የከረመው እኔ ነኝ። እዚያው እንደቆምኩ አውቶቡሱ ሄደ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ በመንገዱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ሳይ ዋልኩ። ሁለተኛ ወጣ ብለሽ ስትጽፊልኝ አለቀስኩ፤ ደግሞ እያለቀስኩ፣ ያለ እኔ ሁለተኛ ወጣ ብዬ ቀናሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

የቀለሙን ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። ግማሽ ያህል ቀርቷታል። ይርጋነሽ «ስትጨርሰው እኔ አዲስ እገዛላታለሁ» ብላለች። ከእንግዲህ መስመሩን አንቺ አስምሪ። ሰው ለመጠበቅ አይደለም፣ ብሎኑን ለማየት።

የኔሰው


ሞጣ፣ የካቲት 5 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ የኔሰው

ሰላምታዬ እንደ በፊቱ ነው፤ አልቀነሰም። ለእትዬ ይርጋነሽ ግን እጥፍ ይድረሳቸው።

እንዳሉት አነበብኩለት። ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ስጨርስ «ሦስት ሳምንት በዚያ ብሎን በየጠዋቱ ሳባን አድርሻለሁ» አለ። ተነሥቶ ወደ ምድጃው ሄደ። ልዋሽልዎ አልችልም፣ በጣም ከፍቶታል። በማግስቱም ሳባን በእግሯ አደረሳት።

ትናንት ግን ጋራዥ መጣ። «ቅዳሜ ብቸና እሄዳለሁ፤ አዘጋጂልኝ» አለኝ። ምን ልትላቸው ነው ብዬ ጠየቅሁት። «አላውቅም። ግን ሞተሩን ሳስነሣ ይስሙት» አለኝ።

አዘጋጅቻታለሁ። የግራውን ብሎን አጥብቄ የእኔን መስመር አስምሬበታለሁ፤ ትንሽ ጠመም ብላለች፣ እንዳይስቁብኝ። የቀኙንም አጥብቄዋለሁ፤ እሱን ግን ለእርስዎ ትቼ ቀለም አልቀባሁትም። ብልቃጧን ፋንታ ይዟት ይመጣል።

ባንቺዓለም